ከ«ማነው?» በኋላ

ሰኔ 2

እምነት ይሄን ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ። «ጌም የሚሠሩ ሰዎች በየቀኑ የሠሩትን ይጽፋሉ። አንተ ትናንት ያስተካከልከውን ዛሬ ረስተህ መልሰህ ታበላሻለህ» አለችኝ። እሺ። ዛሬ የሠራሁት፦ የሻፊን የሱቅ ቁልፍ ደብቄ ከምሳ ጀምሮ አስፈለግኩት። መጨረሻ ላይ የገዛ ኪሱ ውስጥ አገኘው። መደበቁ ቀላል ነው፤ ሙያ የሚጠይቀው መልሶ ኪሱ መክተቱ ነው።

ሰኔ 3

እምነት የትናንቱን አነበበች። «ስለ ጌሙ ጻፍ ነው ያልኩህ!» ከዛሬ ጀምሮ ደብተሩን እደብቃለሁ።

ሰኔ 5

እሺ፣ ስለ ጌሙ። ስሙ «ማነው» ነው። የስልክ ጌም። አንድ ልጅ አቃቂ በሰቃ ውስጥ ከበር በር እየዞረ ያንኳኳና ይሮጣል። ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። ባለቤቱ ወጥቶ ያባርራል። ካመለጥክ ወደሚቀጥለው በር፤ ከተያዝክ ጆሮህን ተቆንጥጠህ እንደ አዲስ። በቃ። እኔ ከአሥረኛ ክፍል ነው የወጣሁት፤ ከዚህ በላይ አይጠበቅብኝም። «ወጣሁ» የምለው ለክብሬ ነው። አስወጡኝ። ያስወጡኝም የርዕሰ መምህሩን ቢሮ አንኳኩቼ ስሮጥ ነው።

ሥዕሉን የምትሠራው እምነት ናት። ገላን ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ኮሌጅ ጨርሳለች፤ ስትናገር አራት ነጥቡ ራሱ ይሰማል። ኮዱን እኔ እጽፋለሁ። ጠረጴዛና መብራት የሻፊ ነው። ሻፊ ከስልጤ መጥቶ እዚህ የሞባይል ዕቃ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው፤ ከትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ እሱ ጋ ስልክ እጠግናለሁ። እንዴት እስካሁን እንዳላባረረኝ አላውቅም። እሱም አያውቅም።

ድምፁን ከኢንተርኔት አላወረድኩም። የሰፈሩን በር በሙሉ ከምር አንኳኩቼ፣ ስልኬ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ እየቀረጸ፣ ከምር ሮጬ ነው የሰበሰብኩት። የእትዬ ብዙወርቅ «ማነው» እንደ መዝሙር ይረዝማል። አንድ ጎረቤታችን ገና ሳይጠየቅ «የሉም!» ይላል። ራሱ ነው። እንደዚህ ዓይነት ድምፅ የትም ሄደህ አትገዛውም።

መስከረም 1 ይለቀቃል። እምነት ግድግዳው ላይ ጽፋ ለጥፋዋለች።

አንድ በር ይቀረኛል። የመጨረሻው። የጋሼ ወልደገብርኤል።

ሰኔ 8

ጋሼ ወልደገብርኤል ድሮ ባቡሩ ጋ መካኒክ ነበሩ። ባቡሩ ቆመ፤ ባለቤታቸው አረፉ፤ ልጃቸው ዕፀገነት ገላን ኮንዶሚኒየም ገባች፤ እሳቸውና በሩ ቀሩ። በሩን ራሳቸው ነው የሠሩት፤ መቀርቀሪያው የሐዲድ ብሎን ነው።

ልጆች ሆነን ሌላው ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ነበር የሚሰድበን። እሳቸው ግን ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በባዶ እግራቸው እስከ ድልድዩ ያባርሩናል። «አምቤሲል!» እያሉ። ፈረንሳይኛ ነው። ደደብ ማለት መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው፤ ቅር አላለኝም። ከሰፈሩ ልጆች አንድም ቀን ያልያዙት እኔን ብቻ ነው። ይሄንን ለእምነት ስነግራት «የሕይወት ታሪክህ በሙሉ ይሄ ነው?» አለችኝ።

ለመጨረሻው በር ሌላ ሰው አይሆንም።

ሰኔ 14

አንኳኳሁ። መኪና አለፈበት። ድምፁ ተበላሸ።

ሰኔ 16

አንኳኳሁ። ውሻ። ተበላሸ።

ሰኔ 19

አንኳኳሁና ከስልክ እንጨቱ ጀርባ ቆምኩ። ብዙ ቆዩ። «ማነው?» አሉ፤ ድምፁ ግን በልቶ እንዳላደረ ሰው ነው። ወጡና ሁለት እርምጃ ተራምደው በሩን ያዙ። ግራ ቀኝ አዩ። ጫማቸው እግራቸው ላይ ነበር።

ለሻፊ ነገርኩት። «ሽማግሌ ናቸው እኮ ወንድሜ፣ ተዋቸው» አለ።

«ንዴት ያለበት ‹ማነው› ነው የምፈልገው።»

«እኔ ልበልልህ? አንተን እያየሁ ስለው ንዴቱ ራሱ ይመጣል።»

ሰኔ 27

ዝናብ። መብራት የለም። ሁለተኛ ቀን። ላፕቶፑ ሞቷል። እምነት «ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀረ» የሚል መልእክት ላከች። ስልኬም ሊሞት ነው።

ሐምሌ 5

አገኘሁት! ጥርት ያለ! ዝናቡ ሊጥል ሲል፣ መንገዱ ጭር ባለበት። በድንጋይ ደህና አድርጌ ነው ያንኳኳሁት። «ማነው!» አሉ፤ እንደ ድሮው፤ ከውስጥ እየመጡ፣ እየሮጡ። ሮጥኩ። ወደ ኋላ አላየሁም፤ ጭቃ ነበር። የመጨረሻው በር አለቀ።

ሐምሌ 6

ጋሼ ወልደገብርኤል ወድቀዋል አሉ። በራቸው ላይ። እግራቸው ተሰብሮ ሐኪም ቤት ጄሶ አስረውላቸዋል። ያገኟቸው እትዬ ብዙወርቅ ናቸው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ። የሰፈር ልጆች አንኳኩተውባቸው ነው ይላል ሰዉ። የዘንድሮ ልጆች።

እኔ ትናንት ሻፊ ጋ ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ በሙሉ። ማለቴ፣ ከመሸ በኋላ።

ሐምሌ 9

ዛሬ የአሯሯጡን ኮድ ነካካሁ። የመጨረሻው በር ሽማግሌ ፍጥነታቸው በዝቶ ነበር፤ ቀነስኩት። ጨዋታው እንዲመጣጠን ነው። ትንሽ ተራምደው እንዲቆሙ አደረግኩ።

እትዬ ብዙወርቅ መንገድ ላይ አግኝተውኝ «አብርሽዬ፣ አንተ አሁን ትልቅ ሰው ነህ፣ እነዚህን ውሪዎች ምከራቸው እንጂ» አሉኝ። «እመክራቸዋለሁ» አልኩ።

ሐምሌ 13

እምነት ድምፆቹን ልታስተካክል የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ የአንዱን ደንበኛ ስልክ ከፍቻለሁ።

«ይሄ የመጨረሻው አሪፍ ነው» አለች።

«አላልኩሽም?»

ወደ ኋላ መለሰችና እንደገና ሰማች። እንደገና መለሰች።

«ከዚህ በኋላ ያለው ምንድን ነው?»

«ዝናብ።»

«ዝናቡን ለይቼዋለሁ። ከ‹ማነው› በኋላ ሩጫህ አለ። ከዚያ ከሩቅ ቆርቆሮ የተመታ የሚመስል ነገር አለ።»

«ዝናብ ነው እኮ።»

«ከዚያ እግርህ ቆመ» አለች። «ትንፋሽህ ይሰማል። ብዙ ቆምክ። ከዚያ እንደገና ሮጥክ። ለምንድን ነው የቆምከው?»

«ጫማዬን ጭቃ ይዞት።»

ማዳመጫውን አወለቀች። ሻፊ ሽቦ እየጠቀለለ ነበር፤ እሱም አቆመ። ቀልድ ብጤ ተናገርኩ፤ ምን እንደነበረ አሁን አላስታውስም። ማንም አልሳቀም። «ከ‹ማነው› በኋላ ያለውን ቁረጪው» አልኳት።

«አንተው ቁረጠው» አለችና ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ሐምሌ 16

እምነት አልመጣችም። ጉንፋን ይሆናል።

ሐምሌ 17

አልመጣችም። ክረምት ነው፣ ጉንፋን ይበዛል።

ድምፁን ቆረጥኩት። የቆረጥኩትን ግን አላጠፋሁትም። ለምን እንዳላጠፋሁት አላውቅም፤ ቦታ አይዝም።

ሐምሌ 19

ሻፊን ጌሙን አስሞከርኩት። በአውራ ጣቱ ስልኩን ሊሰብረው ነበር፤ እንዲያም ሆኖ የመጨረሻው በር ደረሰ። አንኳኳ። «ማነው!» ተባለ። ልክ በዚያች ሰዓት አንዲት ሴትዮ ቻርጀር ልትገዛ ገባች። ሻፊ ስልኩን አስቀምጦ ከሷ ጋር ተከራከረ። ሲመለስ ልጁ በሩ ላይ እንደቆመ ነው። በሩም እንደተዘጋ ነው።

«ተበላሸ» አለ።

«ሩጥ እንጂ!»

«ባልሮጥስ?»

«ጌሙ እኮ ሩጫ ነው፣ ሻፊ።»

«አንኳኳሁ፣ ‹ማነው› አሉኝ። ሰው ‹ማነው› ካለህ ቆመህ ‹እኔ ነኝ› ትላለህ። እኔ እንደዛ ነው ያደግኩት።»

ኮዱን አየሁት። ጌሙ በሩን የሚከፍተው ልጁ ሲርቅ ብቻ ነው። ካልራቀ ጌሙ ልጁ እስኪሮጥ ይጠብቃል፣ ልጁ በሩ እስኪከፈት ይጠብቃል። ሁሉም በር እንደዚያ ነው። ይሄን ያህል ወር ስሠራ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። የሌሎቹን በር በቀላሉ አስተካከልኩ፤ ካልሮጥክ ትያዛለህ። የመጨረሻው ግን እንደዚያ ቢሆን ያስጠላል። በሩ ሲከፈት ከቅርብ ምን እንደሚሰማ ድምፅ ያስፈልገዋል። ካሉኝ ድምፆች ሁሉ ፈለግኩ። ከ«ማነው» በኋላ ያለው በሙሉ የእኔ እግር ነው።

ሐምሌ 24

ዕፀገነት ሱቅ መጣች። ለአባቷ ቁልፉ ተለቅ ያለ ስልክ ልትገዛላቸው ነው። እኔ ጠረጴዛው ስር ወድቃ የነበረች ብሎን እየፈለግኩ ስለነበር አላየችኝም። ብሎኗን ካገኘኋት ቆይቷል፤ አልተነሳሁም።

«እንዴት ናቸው አባትሽ?» አለ ሻፊ።

«ለብቻቸው አይሆንም። እትዬ ብዙወርቅ ጠዋት ጠዋት ምግብ ያስገቡላቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ግን ሰው የለም። እኔ ለአዳር ነው የምደርሰው፤ ቀን ሥራ ነኝ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ወደ እኔ እወስዳቸዋለሁ፤ ቤቱን ለዕቃ ማስቀመጫ የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ስንተኛ ፎቅ ነሽ?»

«አራተኛ።»

«ሊፍት?»

«ሻፊ ደግሞ!» አለች። «‹ከወጣሁ የምወርደው በሬሳ ሣጥን ነው› ይሉኛል። ምን ላድርግ? በዚህ ላይ እንዲህ ያደረጓቸው ልጆች ነገ ተመልሰው ያንኳኩባቸዋል። አባቴ ደግሞ ‹ማነው› ሳይሉ አይቀሩም፤ ይነሳሉ።»

ከሄደች በኋላ ሻፊ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ስር አየኝ። «ብሎኗ ተገኘች?» አለ። ምንም አልጨመረም። ቢጨምር ይሻል ነበር።

ሐምሌ 28

መብራት አለ። ዝናብ የለም። እጄ ላይ ሥራ የለም። ጋሼ ጋ ላለመሄድ የቀረኝ ምክንያት አልቋል። ነገ።

ሐምሌ 30

ነገ።

ነሐሴ 2

ሄድኩ። እንዲሁ ከሄድኩ አይቀር ለጌሙ የሚሆነውንም ድምፅ እወስዳለሁ ብዬ ስልኬን ሸሚዝ ኪሴ ከተትኩ። በድንጋይ ሳይሆን በእጄ አንኳኳሁ።

«ማነው?»

እግሬ ሊሄድ ነበር። ከምሬ ነው፤ ጉልበቴ ቀድሞኝ ዞሯል። በአንድ እጄ አጥሩን ያዝኩ።

ከ«ማነው» በኋላ ያለው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አልጋ ይንቋቋል። የሆነ ነገር ይወድቃል፤ ክራንቹ ነው። «ቆይ… ቆይ፣ መጣሁ።» ክራንች፣ እግር። ክራንች፣ እግር። ይቆማሉ፣ ይተነፍሳሉ። «መጣሁ አልኩ እኮ። አትሂድ።» እንደገና ክራንች። «አትሂድ፣ አትሂድ…» ይሄንን ጮክ ብለው አይደለም የሚሉት፤ ሰው የጠፋበትን ዕቃ እየፈለገ ለራሱ እንደሚያወራው ነው። ከዚያ የሐዲዱ ብሎን ሁለቴ ይጮኻል።

በሩ ተከፈተ። አጠር ብለዋል። ጄሶው ቆሽሿል። አይተውኝ ወደ መንገዱ አሻግረው ሌላ ሰው ይፈልጉ ጀመር።

«ማንን ይፈልጋሉ ጋሼ?»

«ያንኳኳውን።»

«እኔ ነኝ። አብርሽ። የአስካለች ልጅ።»

«የማን ልጅ እንደሆንክ አላጣሁትም። ታዲያ ለምን አልሮጥክም?»

«ያን የዝናቡን ዕለትም እኔ ነበርኩ» አልኩ። የሆነ ቀልድ ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

ክራንቹን አንስተው ቅልጥሜን አሉኝ። ለሰባ ምናምን ዓመት ሰው እጃቸው ደህና ነው።

«ስወድቅ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ቆምኩ። ከዚያ ሄድኩ።»

በመንገዱ ላይ አንድ ጋሪ አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቁ። «አምቤሲል» አሉ። እንደ ድሮው አይደለም፤ ቀስ ብለው፣ ለሰው እንደማይናገሩት። ከዚያ ዞረው ወደ ውስጥ ሄዱ። በሩን አልዘጉትም። እኔም ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ እንጃ፤ ከውስጥ ጮኹ፦ «ግባና ዝጋ! ውሻ ይገባል!»

ሱቅ ተመልሼ ስልኬን ሳየው መቅረጫውን አልከፈትኩትም ነበር።

ነሐሴ 4

ላፕቶፑን ተሸክሜ የጋሼ በረንዳ ላይ ገባሁ። ሥራዬ፦ በር መክፈት፣ ውሃ መቅዳት፣ መሰደብ። ኮድ በመሃል።

«ለዕፀገነት እኔ አልነግራትም» አሉኝ። «አንተ ነህ የምትነግራት።»

«ነገ።»

«ነገ የሚባለውን ባቡርም አውቀዋለሁ። እኔ ነበርኩ የምጠግነው።»

ነሐሴ 9

ነገ እነግራታለሁ።

ነሐሴ 12

እምነት መጣች፤ ሻፊ ነግሯት ነው። በረንዳው ላይ እኔን አየች፣ ጋሼን አየች፣ ክራንቹን አየች። ቁጭ ብላ የእሳቸውን ፊት መሳል ጀመረች። ጋሼ ፀጉራቸውን በእጃቸው አስተካከሉ።

«ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» አልኳት።

«እኔ ጉንፋን አልያዘኝም።»

«እኔ ይዞሻል ብዬ ነበር።»

«አውቃለሁ» አለች። አራት ነጥብ።

ነሐሴ 17

ለዕፀገነት ነገርኳት። ከሥራ ስትመለስ የጋሼ ደጅ ላይ ጠብቄ፣ ግማሹን ለእሷ ግማሹን ለመሬቱ ተናገርኩ። ዕፀገነት አልጮኸችም። ቦርሳዋን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችና «ውጣ ከዚህ» አለች። ወጣሁ። ላፕቶፑ ውስጥ ቀረ።

ነሐሴ 18

ጠዋት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ያቺ ቁልፏ ትልልቅ የሆነች ስልክ ናት።

«በሩን ማን ይከፍትልኛል ብለህ ነው?» ዘጉት።

ስደርስ ዕፀገነት ለሥራ ልትወጣ ደጁ ላይ ቆማለች። ዓይኔን አላየችም። «አባቴ ናቸው የጠሩህ እንጂ እኔ አልጠራሁህም። እስከ ጥቅምት አያለሁ። አንድ ቀን ብትቀር እሳቸውን እወስዳለሁ፤ አንተንም አልምርህም።»

«እሺ።»

«‹እሺ› አትበለኝ። ተገኝ።»

ጳጉሜን 2

ዕፀገነት ሰላም አትለኝም። ጠዋት ከአውቶቡስ ላይ ትደውላለች። «አለህ?» «አለሁ።» ትዘጋለች። ከሰዓት በኋላም እንደዚያው። ዛሬ ዝናቡ ቤት ሊያፈርስ ነበር፤ ውሃው እስከ ጉልበቴ እየደረሰ መጣሁ። «አለህ?» «አለሁ።» ዛሬ ወዲያው አልዘጋችም። ከዚያ ዘጋች።

ጳጉሜን 4

ከ«ማነው» በኋላ ያለውን ቀረጽን። ከምር። ጋሼ ከአልጋ ተነስተው፣ ክራንች፣ ብሎን፣ ሁሉንም። «አትሂድ» የሚለው ቦታ ሲደርሱ ዘለሉት።

«ጋሼ፣ ‹አትሂድ› ይላሉ እኮ።»

«እኔ? በሕይወቴ ብዬ አላውቅም።»

እምነት በእግሯ መታችኝ። ተውኩት። ጌሙ ላይ ሳይሮጥ ለቆመ ልጅ በዝምታ ይመጣሉ። ክራንች፣ እግር። ይበቃል።

ጳጉሜን 5

ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል። እምነት ስላለችኝ ጋሼን አንዴ አስሞከርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ስልኩን ከፊታቸው አርቀው፣ አራት በር አንኳኩተው አመለጡ። ሲያመልጡ ይስቃሉ፤ ጥርሳቸውን ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም። የመጨረሻው በር ደረሱ። «ማነው!» ልጁ ሮጠ። በሥዕል ያሉት ጋሼ ወጡ፣ ትንሽ ተራመዱ፣ ቆሙ።

«ይሄ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ለምን ቆመ?»

እምነት ወደ እኔ አየች። «ጨዋታው እንዲመጣጠን ነው» አልኩ።

«የምን መመጣጠን! እኔ እስከ ድልድዩ ነበር የምሄደው። ጫማውስ? ጫማው እግሩ ላይ ምን ይሠራል?»

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ነው የሚለቀቀው…»

«አይለቀቅማ!»

መስከረም 1

አልተለቀቀም። እምነት ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን ሰርዛ ምንም አልጻፈችበትም። ጋሼን በባዶ እግራቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አስይዛ እንደ አዲስ እየሳለቻቸው ነው። ዕፀገነት ዶሮ ወጥ አምጥታ ለእኔም በሳህን አቀረበች። ሰላም አላለችኝም።

መስከረም 12

ለቀቅነው። ሻፊ ለገባው ደንበኛ ሁሉ በግድ ያስጭናል። ጋሼ በረንዳው ላይ ሆነው «ስንት ሰው አንኳኳ?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ። «ስንቱ ሳይሮጥ ቆመ?» ይላሉ። ጌሙ እሱን አይነግረኝም።

ጄሶው ተፈቷል። ትናንት ያለ ክራንች እስከ በሩ ሄዱ፤ በሩን ይዘው ተመለሱ። እስከ ድልድዩ የሚሮጡት ጌሙ ውስጥ ብቻ ነው።

ሁለቱም ሲሄዱ፣ እምነት ወደ ቤቷ፣ ጋሼ ወደ አልጋቸው፣ ጌሙን ራሴ ከፈትኩት። የእያንዳንዱን በር ኮድ በእጄ ነው የጻፍኩት፤ የት እንደሚታጠፍ አውቃለሁ። የመጨረሻው ጋ ደረስኩ፣ አንኳኳሁ፣ ሮጥኩ። በባዶ እግራቸው ወጡ። መታጠፊያውን አለፍኩ፣ የስልክ እንጨቱን አለፍኩ፣ ድልድዩ ታየኝ።

ያዙኝ።